ሳያድጉ ማርጀት

አንድ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት «ይኸ እኮ ገና ልጅ ነው» ሲባል የጎደለው ምንድን ነው? ጢሙ ወጥቷል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ የሚያነሣው ሸክም ከእኩዮቹ አያንስም። የጎደለው ዕውቀት ነው እንዳንል፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ደም ያደረቁ ሽማግሎች በየደብሩ አሉ። ሀብት ነው እንዳንል፣ የአባቱን ጥሪት ተቀምጦ የሚበላ ሁሉ ትልቅ ሰው ሊባል ነው። ትዳር ነው እንዳንል ደግሞ መነኩሴው በምን አደገ? ጥያቄው ተራ የሚመስለው ያላደገውን ሰው ስናየው ሁላችንም ስለምናውቀው ነው፤ ምኑን አይተን እንዳወቅነው ለመናገር ስንሞክር ግን ያነሣነውን መልስ ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ሰው ይመጣብናል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ጥያቄው ከሳቅ ጋር ሲመጣ ነው። ሕፃን ከሌላ ሰው ትሪ ቢያነሣ «ልጅ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ጎልማሳ ያንኑ ሲያደርግ እንስቃለን፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ የማናውቀው ሐፍረት ይከተለናል። ጨለማ ኮሜዲ የሚባለው የፊልም ዘርፍ የሚኖረው ሳቁ ካለቀበትና ሐፍረቱ ከሚጀምርበት መካከል ነው። የምናፍረው ለሰውየው ነው ወይስ ለራሳችን?

ከዚህ ዘርፍ ፊልሞች ጥያቄውን እስከ ጥጉ የወሰደው ሮልፍ ደ ሂር የሠራው የአውስትራሊያ ፊልም «ባድ ቦይ ባቢ» ይመስለኛል። በ1993 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል ከዳኞች ልዩ ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ኒኮላስ ሆፕ የሚጫወተው ባቢ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ከአንዲት የቆሸሸች ክፍል ወጥቶ አያውቅም። እናቱ የውጭው አየር መርዝ ነው ብላዋለች፤ እሷም ስትወጣ የጋዝ ጭንብል አጥልቃ ትወጣለች። እስክትመለስ ከተቀመጠበት እንዳይነቃነቅ ታዘዋለች፤ ቢነቃነቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ክርስቶስ እንደሚያየው ያምናል። አንዲት ድመት አለችው። ትንፋሽ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ሲል ድመቷን በላስቲክ ይጠቀልላታል፤ ትሞትበታለች። በኋላ እናቱንና ጠፍቶ የመጣውን አባቱንም በዚያው መንገድ ያጣቸዋል፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ፊልሙን ለማየት ይከብዳል፤ ከእናት የማይጠበቅ ነገር አለበት፤ ለሁሉም ሰው እዩት አልልም። ከሁሉ በልቤ የቀረው ግን ባቢ ከወጣ በኋላ የሚናገርበት መንገድ ነው። የራሱ ቃል የለውም። አንዱ የሰደበውን ስድብ በሰዳቢው ድምፅ ለሌላው ይደግመዋል፤ የእናቱን ትእዛዝ በእናቱ ቅላጼ ለማያውቃቸው ሰዎች ይናገራል። ሰዎቹ ይደነግጣሉ፣ ይቆጣሉ፣ አንዳንዴ ይስቃሉ። አንድ የሙዚቃ ቡድን መድረክ ላይ ሲያወጣው ደግሞ ያንኑ ድግምግሞሽ ሲያሰማ ሕዝብ ያጨበጭብለታል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲነገረው ኖሯል፤ አንድም ቀን ግን አልተጠየቀም።

የጎጃም ገጠር ልጅን እንዲህ ዘግቶ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ጥያቄው እኛን የማይነካን ሊመስል ይችላል። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ዙሪያ ልጅ በአምስት በስድስት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቃል፤ ጠና ሲል ከብት ይከተላል፤ ክንዱ ሲጠነክር እርፍ ይጨብጣል። ያን ቀን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ለበቆሎ የሚገለበጥ ማሳ ነው። እርፉ የልጁን ደረት ያክላል፤ ሲጫነው ማረሻው ይሰምጥና በሬዎቹ ይቆማሉ፤ ሲያላላው ማረሻው ይወጣና አፈሩን ቧጦ ብቻ ያልፋል፤ ትልሙ ይወላገዳል። በሬዎቹም የያዛቸው እጅ የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ በአባትየው አንድ ድምፅ የሚታጠፉት ለልጁ ጩኸት አይታጠፉም። በቡሄ ሰሞን ከእኩዮቹ ጋር ለጨዋታ ሲያጮኸው የነበረው ጅራፍ ዛሬ ሥራ ሆኖበታል። አባት ማሳው ዳር ቆሞ ያያል፤ አይረዳውም። ማታ ቤት ሲገባ ልጁ እርፍ መጨበጡ ይወራለታል፤ እናት የምታቀርብለት ራት እንኳ ያን ቀን ልዩ ነው። ይህን ያየ ሰው ልጅ ሲያድግ በዓይኔ አየሁ ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና ያረሰው የአባቱን መሬት ነው፤ የጠመደው የአባቱን በሬ ነው። የትኛው ማሳ ጦም ይደር፣ የትኛው በርበሬ ይተከልበት፣ ምርቱ መቼ ይሸጥ የሚለውን ማንም አልጠየቀውም። ሸክሙ የእሱ ሆነ፤ ቃሉ ግን ገና የአባቱ ነው። ስለዚህ እርፍ መጨበጥ የማደግ ደጃፍ ይሆናል እንጂ ማደግ ሊሆን አይችልም ብዬ አስባለሁ።

ባላገሩም ይህን ያውቃል፤ ሰው ሆነ የሚለው ጎጆ ሲወጣ ነውና። ሚስት፣ ጥንድ በሬ፣ የሚያርሰው መሬት፣ የራሱ ጢስ የሚወጣበት ቤት ሲኖረው በማኅበር ተቀምጦ ጽዋ ይቀበላል። ጎጆ ያልወጣው ዕድሜው ሠላሳ ቢሻገርም ቆሞ ጠላ ይቀዳል። የሚቀዳላቸው አንዳንዶቹ አብረውት ከብት የጠበቁ እኩዮቹ ናቸው፤ እነሱ ተቀምጠው ስለ ድንበር ክርክር፣ ስለ ዘንድሮ ማዳበሪያ፣ ስለ ሟች ቤተሰብ ይነጋገራሉ። እሱም የሚለው ነገር አለው፤ ነገሩን ከእነሱ ይልቅ ያውቀው ይሆናል። ግን አይጠየቅም፤ ሳይጠየቅ ቢናገር ደግሞ «አንተ ልጅ» ይባላል። አልተጠየቀም፣ አላደገምና፤ አላደገም፣ አልተጠየቀምና። እዚህ ላይ ማደግ የሚባለው ነገር በሰውየው ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። እንደ ቁመት ቢሆን ኖሮ ሌላው ሰው ቢክደውም ባልጠፋ ነበር። ይህኛው ግን ከተቀመጡት ሰዎች አንደበት የሚመጣ ይመስላል፤ ሰጭ አለው፤ ሰጭ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ነሺ አለው። የባቢ እናት ክፍሏን በመርዝ አየር ወሬ ዘጋችበት። ሰውን በልጅነት ለማስቀረት ግን ያን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ወንበሩን አለመስጠት ይበቃል።

ሕግም የራሱን መስመር ያሰምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድን በአሥራ ስምንት፣ ሴትን በአሥራ አምስት ዓመት ለጋብቻ አብቅቷቸው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም አሥራ ስምንት ላይ አገናኛቸው፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ያንኑ ተከተለ። የ1996 ዓ.ም. የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ወጣት የሚለው ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዘጠኝ ያለውን ነው። እነዚህን መስመሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ በአንዱ ገና ልጅ፣ በሌላው ወጣት፣ በሌላው ለጋብቻ የበቃች ናት። በሕጉ አልፈርድም፤ ቁጥር ካላሰመረ መዳኘት አይችልም። ግን ያ መስመር ላይ ሳይደርሱ የተዳሩት የጎጃም ሴት ልጆች ከጥያቄዬ ሁሉ ይከብዱኛል። ገና ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ «ለትልቅ ቤት ታጨች» ተብሎ እልል ይባልላት ነበር። በማግሥቱ ውኃ የመቅዳቱ፣ የመፍጨቱ፣ ብዙም ሳይቆይ ልጅ የመውለዱ ሸክም ይመጣል፤ ሁሉንም ትሸከመዋለች። ሸክም ሰውን የሚያሳድገው ቢሆን ኖሮ ከእሷ የበለጠ ያደገ ሰው ባልተገኘ ነበር። ሆኖም ወደ ቤቱ ስትገባ «እሺ» ያለችው እሷ አልነበረችም፤ ሌላ ሰው ባለው «እሺ» ውስጥ ዕድሜ ልኳን ኖረች። እርፍ የጨበጠው ልጅ ለጊዜው ያጣውን ቃል እሷ ለሁልጊዜ አጣችው። ከዚህ የምረዳው ሸክም ብቻውን ሰው አያደርግም የሚለውን ነው። ቃል ብቻውንስ?

ይህን ሳስብ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳ ትመጣብኛለች። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ባለታሪኩ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ናት። ባለፉት ስድሳ ዓመታት መጽሐፉን ያነበበው፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማው፣ በቅርቡም በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ያየው ሰው ብዛቱ አይታወቅም። አብዛኛው የሚያስታውሰው ፍቅሩን ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ከፍቅሩ ቀድሞ ያለው ስለት ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በሕመም ሲያስጨንቃቸው፣ ከተረፈላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተሳሉ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሳያገባ እንዲኖር። ልጁ ተረፈ፤ ስለቱም ጸና። ከዚህ የበለጠ ፍቅር ከወላጅ አይጠበቅም፤ በሞትና በልጃቸው መካከል የገቡት ያላቸውን ነገር ሁሉ ይዘው ነው። ይዘውት የገቡት ግን የራሳቸውን ዕድሜ አልነበረም፤ የእሱን ነበር። በዛብህ አደገ፣ ተማረ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ቤታቸው ገባ፤ ዕውቀቱን አገር አወቀው። በአንድ ነገር ግን ታሞ በተኛበት ዕድሜው ላይ እንዳለ ቀረ። የገዛ ሕይወቱን የሚያስረው ቃል እሱ መናገር በማይችልበት ጊዜ ተነግሮ አልቋል።

እዚህ ላይ መቸኮል አልፈልግም፤ ስለት ቀላል ነገር አይደለም። «ወላጅ በልጁ ሕይወት የመሳል መብት የለውም» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ይቻላል፤ ነገሩ ግን አይዘጋም። ማንም ሰው ራሱን በራሱ አልጀመረም። ስማችንን ያወጣልን ሌላ ነው፤ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀናችን ስንጠመቅ የክርስትና አባታችን ወይም እናታችን ስለእኛ መልስ ሰጥተዋል፤ የምንናገርበትን ቋንቋ ሳንመርጥ ተቀብለናል። ሌሎች ስለእኛ የተናገሩትን ሁሉ ልናወልቅ ብንነሣ የሚቀረን ምንድን ነው? ባቢ ከክፍሉ ሲወጣ ያየነው ይህንኑ ነው፤ የሌሎችን ቃል ብናወልቅለት ከስሩ የሚናገር ሰው አልነበረም። ስለዚህ ማደግ ማለት የተቀበሉትን መጣል ነው የሚለውን መልስ አልቀበለውም፤ ያ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ የሚሰጠው መልስ ነው። ይልቅ የተቀበሉትን ቃል አንድ ቀን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይህን እኔም እላለሁ» ወይም «ይህን እኔ አልልም» ማለት መቻል ይመስለኛል። የክርስትና አባቱ በአርባ ቀኑ የመለሰለትን በሃያ ዓመቱ በራሱ አንደበት የሚመልስ ሰው አለ፤ ቃሉ ያው ቃል ነው፣ አሁን ግን የእሱ ነው። በዛብህም ስለቱን ራሱ ቢቀበለው ኖሮ ብሕትውናው ከማንም ትዳር ያላነሰ ጎልማሳነት በሆነ ነበር። የመነኩሴውም መልስ ይኸው ነው፤ ቆቡን ሲደፋ አፉን ከፍቶ ለተወው ዓለም እንቢ ብሏል። የበዛብህ ችግር እሺም እንቢም የሚልበት ደጅ አለመኖሩ ነው። እሺ ቢል አዲስ ነገር አልጨመረም፤ እንቢ ቢል ደግሞ የእግዚአብሔርን ገንዘብ ሰረቀ። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያንቀጠቅጠው የመደብ ልዩነቱ ብቻ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ የሆነ ነገር ሊናገር መሆኑም ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ያላደገ ሰው አለ፤ እሳቸው የሚጎድላቸው ምልክት የለም። ፊታውራሪ መሸሻ ርስትና ጉልት አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ ወይዘሮ ጥሩአይነትን የመሰለች ሚስትና ሰብለ ወንጌልን የመሰለች ልጅ አላቸው፤ ሎሌው፣ ደጅ ጠኚው፣ የነፍስ አባቱ በዙሪያቸው ነው። በባላገሩ መለኪያ ከእሳቸው በላይ ሰው የሆነ የለም። እኔ ግን ባነበብኳቸው ቁጥር ያየሁት አንድ ሽበት ያለው ልጅ ነው። የሚናገሩት ሁሉ የአባቶቻቸው ነው፤ የዘር ቆጠራው፣ የጀግንነቱ ወሬ፣ ማን ለማን ይመጥናል የሚለው ሚዛን። ልጃቸውን ለዘራቸው የሚመጥን ጠፍቶ ዕድሜዋን በቤታቸው ያስቆጥሯታል፤ አንድ ቀን «የእኔ ልጅ ምን ትፈልጋለች?» የሚል ጥያቄ አያልፍባቸውም፤ ይህ ጥያቄ ከአያቶቻቸው አንደበት አልወረደምና። ባላገሩ የማይገባ ግብር አንሰጥም ባለ ጊዜ ጦር አሰልፈው በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎችም ይማርኳቸዋል። ይህ ክፍል ያስቃል። ሐዲስ አለማየሁ እንድንስቅ አድርገው ጽፈውታል፤ በየቤቱ ሲነበብም ይሳቅበታል። የማይሳቅለት ነገር ግን ከሥሩ አለ፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንቢ ተብለው የማያውቁት ሰው እንቢታን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው፤ ምን እንደሚያደርጉበት አያውቁም፤ የሚያውቁት የአባቶቻቸውን ፉከራ ብቻ ስለሆነ ያንኑ ይዘው ወጡ። ባቢ የሰማውን ስድብ ለማያውቀው ሰው እንደሚደግም ሁሉ።

ሁለቱን ሳስተያይ አንድ እንግዳ ነገር ይታየኛል። ባቢን ያስቀረው ሁሉን ነገር መነፈጉ ነው፤ ፊታውራሪን ያስቀራቸው ምንም አለመነፈጋቸው። አንዱ በተዘጋ ክፍል፣ ሌላው በሰፊ አዳራሽ፣ ሁለቱም ግን የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ ለተናገሩት ነገር ማንም መልስ ጠይቋቸው አያውቅም። የፊታውራሪ ቃል አገር ያስራል፣ ይፈታል፣ ያስገርፋል፤ የቃሉን ሸክም የሚሸከመው ግን ባላገሩ ነው። ያለ ዕድሜዋ የተዳረችው ልጅ ያለ ቃል ሸክም ነበራት፤ እሳቸው ያለ ሸክም ቃል አላቸው። አሁን ቀደም ሲል ያቆምኩትን ጥያቄ መመለስ እችላለሁ፤ ቃል ብቻውንም ሰው አያደርግም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ካልተገናኙ፣ ማለትም የተናገርኩትን ራሴ ካልተሸከምኩት፣ የምሸከመውንም ራሴ ካልተናገርኩት፣ ዕድሜ ይሄዳል እንጂ እድገት የለም። የሚያሳዝነው ደግሞ በፊታውራሪ ዙሪያ ይህን የተረዳውን አንድ ሰው አገሩ «ጉዱ ካሳ» ብሎ እብድ ማድረጉ ነው። ካሳ ዳምጤ የሚናገረውን ከማንም አልተዋሰም፤ ስለተናገረውም ዋጋ ይከፍላል። ያላደጉ ሰዎች በሚመሩት ቤት ውስጥ ያደገ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር የእብድ ወንበር ብቻ ይሆናል። እሱንም «አንተ» እያልን እንጠራዋለን፤ እሳቸውን «እርስዎ»።

አንድ ተቃውሞ ይነሣብኛል፤ ራሴም በራሴ ላይ አንሥቼዋለሁ። ራሱን ያልቻለ፣ በሌላ ሰው እህል የሚኖር ሰው እንዴት አደገ ይባላል? በጎጃም ይህን ተቃውሞ የሚመልሰው የቆሎ ተማሪው ነው። በልጅነቱ ከቤቱ ይወጣል፤ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ከቅኔ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከየኔታ ወደ የኔታ ሲዞር ጢሙ ይወጣል፣ ይሸብታልም። በሠላሳ አምስት ዓመቱ ከሰው ደጅ ቁራሽ የሚጠብቅ አለ፤ ጎጆው የሣር ደሳሳ ናት፤ በሬ የለውም፤ ሚስት የለችውም። በባላገሩ ምልክቶች ቢመዘን አንዱንም አያሟላም። ነገር ግን በጉባኤው ሲሰየም የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይቀኛል፤ ቤቱ ቢጎድል ይነገረዋል፣ ምሥጢሩ ቢላላ ይታረማል፤ የሰው ቅኔ ሰርቆ ቢያቀርብ ይዋረዳል። ትላንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለዛሬ የዛሬን መፍጠር ግዴታው ነው። ማንም ሰው የተናገረውን እንዲሸከም ከዚህ በላይ የሚያስገድድ ቤት በአገራችን አላውቅም። የሚበላውን ለሌላው ትቶ የሚናገረውን ለራሱ ያደረገ ሰው ነው። ሰው በእንጀራው ጥገኛ ሆኖ በቃሉ ጎልማሳ ሊሆን እንደሚችል ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ፊታውራሪ ደግሞ የዚህን ግልባጭ።

ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጥያቄው መጽሐፍ ውስጥ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ተደልድሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ድልድል አልተደረገም። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊሞላው ተቃርቧል፤ ተወልዶ ያገኘው ተከፍሎ ያለቀ መሬት ነው። ከአባቱ ማሳ ላይ ቁራጭ ይደርሰዋል ወይም አይደርሰውም፤ የሌላውን በእኩል ያርሳል፤ በአጨዳ ሰሞን ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ይወርዳል፤ ከተማ ላይ የሌላ ሰው ባጃጅ ይነዳል። ጎጆ መውጣት የሰው መሆኛ ደጃፍ ሆኖ ሳለ ጎጆ የሚወጣበት መሬት የለም። ይህ ልጅ ታናናሾቹን ያስተምራል፣ የእናቱን መድኃኒት ይገዛል፣ ሰርቶ ያጠፋውን አጠፋሁ ይላል። ቃልና ሸክም በእሱ ላይ ከተገናኙ ቆይተዋል። የሚቀመጥበት ወንበር ግን አልደረሰውም፤ በማኅበሩ ጠላ ይቀዳል፤ በስብሰባው «ወጣቱ» በሚል የጅምላ ስም ይጠራል። እሱን ያላደገ ማለት ውሸት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጦርነት መጣ፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ዓመት እየጨመረ ክፍል ሳይጨምር ኖሯል። ስለዚህ ሳስብ ልቤ ያርፍልኛል አልልም። እነዚህ ልጆች ከእድሜያቸው በላይ የሆነ ሞት አይተዋል፤ አይተው ግን «ምን ይመስልሃል?» ያላቸው የለም። ጠመንጃ ለአንዳንዱ ፈጣን የሰውነት ምስክር ወረቀት መስሎ ቢታየው እሱን ከመኮነኔ በፊት ሌላውን ምስክር ወረቀት ማን እንደነፈገው እጠይቃለሁ።

ወደ ሳቁ ልመለስ። ባቢ መድረክ ላይ ሆኖ የሰማውን ሲደግም የሚያጨበጭበው ሕዝብ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው፤ የተሰበሰበው ስድብ፣ ትእዛዝና ማስፈራሪያ ሁሉ ከእነሱው የወጣ ነውና። ያላደገ ትልቅ ሰው የሚያስቀን፣ ብዙውን ጊዜ፣ ያስቀረውን ሰው ስለማናይ ይመስለኛል። ጠላ የሚቀዳው ሰው ሲያስቅ ወንበር የከለከሉት ተቀምጠው ይስቃሉ። በፊታውራሪ መሸሻ የምንስቀው ሳቅ ግን የተለየ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ እሳቸውን ያስቀራቸው የሰው ሁሉ ዝምታ ነበር፤ ሎሌውም፣ የነፍስ አባቱም፣ ባላገሩም ለዘመናት እሺ ብሏቸዋል። በጋሻና በጦር ፊት ያሉት እሺታ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። በገበሬዎቹ እጅ በተያዙ ጊዜ የምንስቀው እሺታው ስላለቀ ነው፤ ያ ሳቅ ሐፍረት የለበትም፤ እንዲያውም ፊታውራሪን ከእኩል ሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አገናኝቷቸዋል። ምርኮኛ የተናገረውን መልስ እንዲሰጥበት ይጠየቃል። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ በዚያ ጥያቄ ፊት መቆም ሊያሳድጋቸው ይችል ነበር ወይ? መጽሐፉን ስዘጋ ሁልጊዜ የሚቀረኝ ጥርጣሬ ይኸ ነው፤ እድገት ጊዜ የሚያልፍበት ነገር መሆኑን አላውቅም፤ ስልሳ ዓመት የደነደነ ጆሮ አንድ እንቢታ ይበቃዋል ለማለትም አልደፍርም።

ሰብለ ወንጌል ግን ዘግይቶም ማደግ እንደሚቻል አሳይታለች። በዕድሜ ከእኩዮቿ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረች፣ ሌሎቹ ልጅ ሲያሳድጉ እሷ በአባቷ ግቢ «ልጅት» ሆና የቆየች ሴት ናት፤ ቃሏን አባቷ ይዘውታል፤ ሸክሟን አገልጋይ ተሸክሞላታል፤ ሁለቱንም ተነፍጋለች። አንድ ቀን በዛብህን ፍለጋ ከዚያ ግቢ ትወጣለች። ማንም አልላካትም፤ ማንም አልዳራትም፤ ያላትን ድሎት ትታ በእግሯ ስትሄድ መንገዱ የሚያመጣባትን ሁሉ ራሷ ትቀበላለች። ስትደርስበት እሱ ሊሞት ነው። አንባቢ ሁሉ እዚህ ላይ ያለቅሳል፤ አልቅሶም «ምነው በደረሰችለት» ይላል። እኔም እላለሁ። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ የሄደችው ሴት ከግቢው የወጣችው ልጅ እንዳልነበረች፣ ለዚህም የበዛብህ መትረፍም ሆነ መሞት እንዳላስፈለጋት ሳስብ፣ ከልቅሶዬ ጋር የማይስማማ አንድ ደስታ ይሰማኛል፤ ደስታው ትክክል መሆን አለመሆኑን ደግሞ እስካሁን አልወሰንኩም።